ሲያስነጥሳችሁ አልሐምዱሊላህ ብቻ ብላችሁ አትለፉ

አልሐምዱሊላህ (ምስጋና ለአላህ ይሁን) ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። የሚረሳው ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው።

መጀመሪያ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ሸፍነው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ስለዚህ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መስኮቱም ተዘግቶ እያለ ሶፍት ባይኖራችሁ እንኳ ክርናችሁ ወይም የሒጃባችሁ ጫፍ አለ። የፊተኛውን ሰው ማጅራት አታርጥቡ እባካችሁ።

አልሐምዱሊላህ ስትሉ አጠገባችሁ ያለው ይስማ። እሱም ለወንድ "የርሐሙከላህ"፣ ለሴት "የርሐሙኪላህ" ይላል፤ አላህ ይዘንልህ፣ ይዘንልሽ ማለት ነው። እናንተ ደግሞ "የህዲኩሙላህ ወዩስሊሑ ባለኩም" (አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያስተካክል) ትላላችሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ነው ብዙዎቻችን የምንዘላት፤ ረዘም ስለምትል መሰለኝ።

ያስነጠሰው አላህን ካላመሰገነ የርሐሙከላህ አይባልም። ከሦስት ጊዜ በላይ ካስነጠሰ ደግሞ ጉንፋን ነው፣ አላህ ያሽርህ በሉትና ዝንጅብል ሻይ አፍሉለት።

ሶላት ላይ ያስነጠሰው ለራሱ ቀስ ብሎ ማመስገን ይችላል፣ ጎኑ ያለው ግን መልስ አይሰጥም። ኢማሙ የጁሙዓ ኹጥባ (የዓርብ ስብከት) እያደረጉም ዝም ማለቱ ይሻላል።

ክርስቲያን ጎረቤታችሁ "ይማርህ" ካላችሁስ? ምን ችግር አለው፣ ፈገግ ብላችሁ "ያኑርህ" በሉት።