ከከሰል ክምርና ከፋብሪካ የሚወጣ ጭስ የት እንደሚደርስ ማስላት

የጭስ ስርጭት የሚያሰላውን ፕሮግራም (ለምሳሌ ኤርሞድን) ከመክፈትዎ በፊት የጭሱን ምንጮች በዓይነት ይለዩ። ደጀን ላይ እንዳለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ረጅም ማውጫ ያለው የነጥብ ምንጭ ይባላል፤ የማውጫውን ቁመትና የአፉን ስፋት፣ የጭሱን ሙቀትና የመውጫ ፍጥነት ይጠይቃል። ከደጀን በደብረ ማርቆስ አልፎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት የመስመር ምንጭ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ የሚከሰልበት ክምር ግን ከመላ አካሉ ስለሚጨስ የይዘት ምንጭ ሆኖ ይገባል፦ የክምሩ ጎን ለ4.3፣ ቁመቱ ለ2.15 ሲካፈል የመነሻ ስርጭቱን (ጭሱ ሲነሳ ወደ ጎንና ወደ ላይ ምን ያህል እንደተዘረጋ) ይሰጣል። ክምሩን በነጥብ ምንጭነት የሚያስገባው ሰው ሙቀቱንና ፍጥነቱን በግምት ይሞላል፤ ያኔ ጭሱ ቤቶቹን ሳይነካ በላያቸው ያልፋል፣ በስሌት ብቻ።

ልቀቱን በግራም በሰከንድ ያውጡ። አንድ ክምር በ4 ቀን 20 ኪሎ ደቃቅ ብናኝ ለቀቀ እንበል (ቁጥሩ ለማሳያ ነው)፦ 20,000 ግራም ለ345,600 ሰከንድ፣ 0.058። ነፋሱ በሰከንድ 2 ሜትር፣ ርቀቱ 500 ሜትር ይሁን፤ እዚያ ድረስ የክምሩ ስፋት እዚህ ግባ አይባልም። በነፋሱ መስመር ላይ መሬት አጠገብ ያለውን የብናኝ መጠን የሚያሰላው የጋውስ ቀመር ልቀቱን ለ3.14 × የነፋስ ፍጥነት × የጎን ስርጭት × የቁመት ስርጭት ያካፍላል። በደመናማ ሰማይ (በአየር መርጋት ምደባ መደብ ዲ) ስርጭቶቹ 39 እና 22.7 ሜትር ስለሆኑ በሜትር ኩብ 10 ማይክሮግራም ገደማ ይመጣል። ጥርት ባለ ሌሊት (መደብ ኤፍ) ወደ 19.5 እና 7 ይወርዳሉ፤ ውጤቱ 68 ይሆናል። ልቀቱ ግን ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ15 ማይክሮግራም ገደብ የ24 ሰዓት አማካይ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት ውጤት ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ ሰዓት ከተሳሳተ ሁሉም ተበላሸ። የአየር ጠባይ መዝገብ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለው ለፕሮግራሙ 9 ነው። ከዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት የወረደው ደግሞ በግሪንዊች ስለሚቆጠር 3 ይደመርበታል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የሌሊቱ ጭስ በፀሐይ ተበትኖ ይወጣል። የነፋስ አቅጣጫም የሚመዘገበው በሚመጣበት ነው፤ 90 ዲግሪ ካለ ጭሱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

ለዓመት ስሌት ኤርሞድ በነፃ ይወርዳል፤ በአጋዥ ፕሮግራሞቹ፣ የመሬቱን ከፍታ በኤርማፕ፣ የአየር ጠባዩን በኤርሜት ያሰናዱለት። እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ግን ብዙ አይመኩበት፦ በየሰዓቱ ለአካባቢው ሁሉ አንድ ነፋስ ስለሚወስድ፣ ቀን ሽቅብ ሌሊት ቁልቁል የሚነፍሰውን የገደል ነፋስ አያየውም። እዚያ ካልፓፍ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ይሻላል፣ ነፋሱ ከአፋፉም ከሥሩም ከተለካለት።