ቱልፓዝ ሲሰላ ግማሽ ቀን እንዳይበላባችሁ እንዴት ታደርጋላችሁ

ኮምቦልቻ ውስጥ በርና የአልጋ ራስጌ በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን፣ እንቀርጻለን። ማሽኑ ደህና ነው። ቀኑን የሚበላብን ኮምፒውተሩ ነበር። ቱልፓዙን፣ ማለትም የማሽኑ ስለት የሚሄድበትን መንገድ፣ እንዲያሰላ ካልኩሌት የሚለውን ተጭነን ምሳ በልተን ስንመለስ መስመሯ ገና ግማሽ ላይ ናት። በመሀል መብራት ከሄደማ እንደገና ከዜሮ ነው። አሁን ያንን ሥራ አዲስ ኮምፒውተር ሳልገዛ በደቂቃዎች እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ ፋይሉን ከፍላሽ ላይ አትክፈቱ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ፤ በባትሪ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ማራገቢያውን ጥረጉ። የኮምቦልቻ ሙቀትና የኤምዲኤፍ ጣውላ ብናኝ ሲገናኙ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይዘገያል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚሠራው ጓደኛዬ ከሙቀቱ ተገላግሏል፣ ብናኙ ግን እዚያም አለ።

ራም ለመግዛት አትቸኩሉ። እኔ 16 ጊጋ አስገብቼ ምንም ለውጥ አላየሁም። የምሠራበት የድሮ ሶፍትዌር 32 ቢት መሆኑን ያወቅኩት ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። 32 ቢት ፕሮግራም ቢበዛ 4 ጊጋ ነው መጠቀም የሚችለው። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ 32 ቢት የሚል ካያችሁ ብራችሁን ያዙና 64 ቢቱን ፈልጉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ስቴፕኦቨር። ቢቱ (እንጨቱን የሚቀርጸው የማሽኑ ስለት) እንጨቱ ላይ የሚመላለሰው እንደሚያርስ በሬ ነው። ስቴፕኦቨር ማለት በአንዱ ትልምና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ነው። 400 ሚሜ ስፋት ያለውን አበባ በ0.1 ሚሜ ካረሳችሁት 4,000 ትልም ነው። በ0.2 ሚሜ 2,000 ይሆናል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ትልም ማስላት አለበት፣ ማሽኑም እያንዳንዷን መሄድ አለበት፣ ስለዚህ ሁለቱም ጋ ግማሹን ጊዜ ታተርፋላችሁ። ጥራቱስ? ጫፉ ድቡልቡል በሆነ 2 ሚሜ ቢት፣ በ0.2 ስትሄዱ በትልሞቹ መካከል የሚቀረው ሸንተረር 0.005 ሚሜ ገደማ ነው። የዋንዛ እንጨት የራሱ ቀዳዳዎች ከዚያ ይሰፋሉ። በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ስለዚህ የጫፉን ስፋት 10 በመቶ ያዙ፣ ይበቃል።

ግን አታብዙት። አንዴ ለሠርግ የታዘዘ ራስጌ ቸኩዬ በ0.6 ሚሜ አወጣሁት። ከማሽኑ ሲወርድ ደህና ይመስል ነበር። ቫርኒሽ ሲነካው ትልሙ ሁሉ ፈጦ ወጣ። ቫርኒሹን ፍቄ፣ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ፣ የአበባውን ቅጠል አንድ በአንድ ስፈትግ ሁለት ቀን ሄደ፤ የቅጠሎቹ ጠርዝም አብሮ ተበላ። ሰፊ ስቴፕኦቨር ለሙከራ ብቻ ይሁን፤ በ0.5 አስልታችሁ ቅርጹ ልክ መሆኑን እዩና ለመጨረሻው ወደ 0.2 መልሱት።

የሞዴሉ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቅርጽ) ሪዞሉሽን፣ ማለትም የነጥቦቹ ጥግግትም እንደዚሁ ነው። 1,600 በ600 ሚሜ የሆነ ራስጌ ላይ በየ0.1 ሚሜው ነጥብ ከተቀመጠ 96 ሚሊዮን ነጥብ ነው። በየ0.2 ከሆነ 24 ሚሊዮን፣ ማለትም ሩብ። ብዙ ሰው ከፍተኛውን ይመርጥና ኮምፒውተሩን ይረግማል። 2 ሚሜ ጫፍ ያለው ቢት ከእሱ የጠበበ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ያን ሁሉ ዝርዝር ኮምፒውተሩ ያሰላዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አታገኙትም።

ከኢንተርኔት የወረደ የኤስቲኤል ፋይል (ቅርጹን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የሚይዝ) ከሆነ መጀመሪያ አቅልሉት። ለዚህ የሚሆኑት ብሌንደርና ሜሽላብ የሚባሉት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። ብሌንደር ላይ ዲሲሜት የሚለውን አምጡና ሬሾውን 0.5 አድርጉ፤ የሦስት ማዕዘኖቹ ቁጥር በግማሽ ይወርዳል። ከዚያ 0.25 ሞክሩ። ክቡ ነገር ማዕዘን ማውጣት ሲጀምር አንድ እርምጃ ተመለሱ። ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ ይሄ ነው፦ አበባው መሀል ላይ 500 በ400 ሚሜ ብቻ ከሆነ ዙሪያውን መስመር ሳሉና ቱልፓዙን በዚያ ውስጥ ብቻ አስሉት። ሜዳው ለምን በቀጭን ቢት ይታረሳል? የሚሠራው ቦታ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል፣ ጊዜውም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ከጥሩ ቅርጹ በፊት ላለው ሻካራ ቆረጣ 6 ሚሜ ቢት፣ ስቴፕኦቨር የቢቱን ስፋት 40 በመቶ። እሱ ቶሎ ያልቃል።

ካልኩሌት ከመጫናችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ ሲጨርስም ወዲያው ሴቭ አድርጉ። ፕሪቪው (ውጤቱን ስክሪን ላይ ማየት) ከዚያ በኋላ ይደርሳል።