የሚያስፈራም የሚያስቅም ክፉ ዋና ገጸ ባሕርይ እንዴት ይጻፋል?

ክፉ ሰውን የታሪኩ ባለቤት አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከጅምሩ ነው፤ ፍርሃቱን ለብቻ፣ ሳቁን ለብቻ ያዘጋጃል። አንድ ገጽ ግድያ፣ ቀጥሎ አንድ ገጽ ቀልድ ይመጣል። አንባቢው ቀልዱ ላይ ፍርሃቱን ይረሳል፣ ግድያው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀልዱ ያለ ቦታው የገባ ይመስለዋል። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ መቀዳት አለባቸው። ሰውየውን አስፈሪ የሚያደርገው ጠባይ ያው የሚያስቀው ጠባይ ይሁን።

በምሳሌ እንሥራው። ባለታሪካችን ጋሽ ተካልኝ የሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። የጎረቤታቸውን የደምሴን ግቢ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም ሰው ይገድላሉ። ከግቢውም ከገንዘቡም በላይ የሚጨነቁት ግን ለእድሩ ደንብ ነው። ድንኳን በሰዓቱ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል፣ ቀብር ላይ ያረፈደ 50 ብር ይቀጣል። ደምሴን ገድለው፣ ለቀብሩ ያረፈደውን የደምሴን ወንድም ይቀጣሉ። ሳቁ ከደንቡ ይመጣል። ፍርሃቱም ከዚያው ነው፤ አግዳሚ የሚቆጥር ሰው ምንም ነገር አይረሳም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለሰውየው አንድ ደንብ መምረጥ ነው። አንድ ብቻ፣ የሚቆጠርና የሚታይ። «ሥርዓት ይወዳል» ማለት አይበቃም፤ ብሩ፣ ሰዓቱ፣ መዝገቡ ይታወቅ። ሰውየው ደንቡን ከልቡ ማመኑ የሚታየው ደግሞ ራሱን ሲጎዳበት ነው። ጋሽ ተካልኝ የደም ልብሳቸውን ሲቀብሩ አርፍደው ቢደርሱ፣ ራሳቸውን 50 ብር ይቀጡ፣ ደረሰኝም ይቁረጡ። ያ ደረሰኝ ከነቀኑ በገንዘብ ያዡ በአቶ ሞገስ እጅ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ቀልዱ ታሪኩንም ይገፋል፤ ታሪኩን የማይገፋ ቀልድ ግን ይውጣ።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ሳቅ በፊት አንባቢው ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት አለበት። የ3000 ቃል አጭር ልቦለድ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ 400 ቃላት ውስጥ አንድ የማይመለስ ጉዳት ይድረስ፤ በራሱ በሰውየው እጅ፣ አንባቢው እያየ። ዛቻ አይቆጠርም። ጉዳቱ ከዘገየ ጋሽ ተካልኝ የሰፈር ቀልደኛ ሆነው አንባቢው ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢገድሉም የሚያምናቸው የለም።

አሁን አንዲት አንቀጽ በቅርብ እንይ። መጥፎው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ጋሽ ተካልኝ በጭካኔ የተሞላ ሰው ነበር። በተንኮል ፈገግ ብሎ ‹ሃ ሃ ሃ! ነገ ደግሞ የአንተ ተራ ነው!› አለው።»

የሚሠራው ደግሞ ይህን፦

«ጋሽ ተካልኝ ድንኳኑ ሥር ቆመው አግዳሚዎቹን ቆጠሩ። አንድ ጎደለ። የሟቹን ወንድም ወደ ጥግ ወሰዱትና እንባውን እስኪጠርግ ጠበቁት። ‹አይዞህ ልጄ፣ የእግዜር ሥራ ነው። አግዳሚው ግን የእድሩ ነው› አሉት።»

በሁለተኛው ውስጥ ማንም አይስቅም፣ ማንም አይዝትም። ማጽናኛው እንደ ወጉ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው፤ የሚሰቀጥጠው «የእግዜር ሥራ» ላይ፣ የሚስቀው «ግን» ላይ ነው፤ በመካከላቸው ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ የለም። እንባው እስኪጠረግ መጠበቃቸውም ሁለቱንም ይሠራል። ልብ በሉ፣ ተራኪው በአንቱታ ነው የሚናገረው። ነፍሰ ገዳይን «ቆጠሩ፣ ወሰዱ፣ ጠበቁ» እያሉ መተረክ «ቆጠረ፣ ወሰደ» ከማለት ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያከብራቸው ሳትናገሩ ትናገራላችሁ። አንቱታውን ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት።

የአማርኛ ግስ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ትልቅ መሣሪያ ነው። «የደምሴን ፎቶ ከግድግዳው በቀስታ አውርደው፣ አቧራውን በመሀረባቸው ጠርገው፣ እሳቱ ውስጥ ጨመሩት።» እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ሰውየው ሐዘንተኛ ናቸው። ከ«ጨመሩት» በኋላ ምንም አትጨምሩ። «ምንም ሳይሰማቸው» የሚል ማብራሪያ ቢከተል ድንጋጤው ይሞታል።

በንግግር ውስጥ ሰምና ወርቅ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው። አቶ ሞገስ ደረሰኙን አይተው መጠራጠር ሲጀምሩ ጋሽ ተካልኝ እንዲህ ይበሏቸው፦ «አቶ ሞገስ፣ የእርስዎ መዋጮ ሙሉ ነው። ምንም ቢደርስብዎ እድሩ አሳምሮ ይቀብርዎታል።» ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁ ለአቶ ሞገስም ለአንባቢውም እኩል መሰማት አለበት፤ አቶ ሞገስ ካልገባቸው ትዕይንቱ ተራ ቀልድ ይሆናል። ከገባቸው ደግሞ ሊመልሱ የሚችሉት «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው። ዛቻን አመስግኖ መቀበል ከየትኛውም ቢላዋ በላይ ያስፈራል። «አንተ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጋሽ ተካልኝ ለአቶ ሞገስ በሙሉ ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙባት፣ ሁሉ ነገር ባበቃበት ሰዓት።

ሳቁ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚሳቀው ጋሽ ተካልኝ ስለ ራሳቸው በሚያስቡትና በሚሠሩት መካከል ባለው ርቀት ነው። የደምሴ እናት ሙሾ ላይ፣ በማንም አካል ጉዳት፣ በማንም ብሔር ወይም አነጋገር ላይ ሳቅ ከተገነባ ክፋቱ ከገጸ ባሕርዩ ወደ ደራሲው ይዞራል። ሟቹም ሰው ይሁን። ደምሴ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊያድስ ቆርቆሮ ገዝቶ ግቢው ውስጥ የደረደረ ሰው ነው እንበል፤ ከሞተ በኋላም ቆርቆሮው እዚያው ይታይ። የሚገደሉት ሁሉ ሞት የሚገባቸው ክፉዎች ከሆኑ ጋሽ ተካልኝ ጀግና ሆነው ይወጣሉ። «ልጅ እያሉ ተበድለው ነበር» የሚል ረጅም ታሪክም አያስፈልግም፤ ፍርሃቱንም ሳቁንም ወደ ከንፈር መምጠጥ ይለውጣል።

ሳቁ የሚቆምበትን ቦታ ቀድማችሁ ወስኑ። በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1597 የታተመው የሼክስፒር ተውኔት «ሪቻርድ ሣልሳዊ» ለዚህ የታወቀ ማስተማሪያ ነው። ሪቻርድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለተመልካቹ በቀጥታ ምስጢሩን ይነግራል። ለእስር የሚወሰደውን ወንድሙን ክላረንስን አስፈታሃለሁ ብሎ ሸኝቶት፣ ዘወር ሲል በጣም ስለሚወደው ነፍሱን ቶሎ ወደ ሰማይ እንደሚልካት ይናገራል። ተመልካቹ ይስቃል፤ በመሳቁም ምስጢር ተካፋይ ሆኗል። ዘውዱን ከጫነ በኋላ ግን ትንንሾቹን የወንድሙን ልጆች ያስገድላል፤ ያ የጥንቱ ጨዋታ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከመጨረሻው ጦርነት በፊት በነበረው ሌሊት የገደላቸው ሰዎች መናፍስት ይመጡበታል፣ ብቻውን ከራሱ ጋር እየተከራከረ ይፈራል።

በእኛ ታሪክ ይህን ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ያንኑ ቀልድ ሦስት ጊዜ ማምጣት ነው። መጀመሪያ የደምሴ ወንድም ይቀጣል፤ ይሳቃል። ቀጥሎ ጋሽ ተካልኝ ራሳቸውን ይቀጣሉ፤ ሳቁ ውስጥ ስጋት ይገባል። ሦስተኛው፣ ከታሪኩ ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በአቶ ሞገስ ቀብር ላይ ያረፈደው የሟቹ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። «አይዞህ ልጄ» የሚለው ቃል ሳይለወጥ ይደገም፣ ደረሰኙም ይቆረጥ። ከዚህ በኋላ አንድም ቀልድ አታስገቡ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት አንባቢ ስጡና የሳቁበትን በእርሳስ እንዲያሰምሩ፣ ምቾት የነሳቸውን በክብ እንዲያከቡ ጠይቁ። መስመር ብቻ ካለ የመጀመሪያው ጉዳት ከመድረክ ውጭ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ ወደ ገጹ አምጡት። ክብ ብቻ ካለ ደንቡ ደብዛዛ ነው፤ ለሰውየው የሚቆጥሩት ነገር ስጧቸው። ሁለቱም ጠፍተው ከሆነ «በጭካኔ»፣ «በተንኮል»፣ «አስፈሪ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አውጡና እንደገና አስነብቡ። አንባቢው «ሰውየውን ወደድኳቸው» ብቻ ካላችሁ ደግሞ፣ ጋሽ ተካልኝ የሌሉበት አንድ ገጽ ይጎድላል፤ የደምሴ ሚስት ቆርቆሮውን ለመሸጥ ከገዢ ጋር ስትከራከር የምትታይበት።