ሪማስተር ስትገዙና ኮንሶል ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ኮንሶል፣ ማለትም ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን፣ መግዛት ትልቅ ውሳኔ ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከአዲስ አበባ በነጋዴ እጅ ነው። የማይሆናችሁን ገዝታችሁ ከተገኛችሁ ተቀብሎ ገንዘብ የሚመልስላችሁ አታገኙም። ገንዘቡም ለብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ «የትኛው ኮንሶል ነው ጠንካራ ኤክስክሉሲቭ (በዚያ ማሽን ላይ ብቻ የሚገኝ ጌም) ያለው?» ተብዬ ስጠየቅ፣ አንድ ስም ጠርቼ ማለፍ አይሆንልኝም። መጀመሪያ የምጠይቀው «እስካሁን ምን ተጫውተሃል? ቤትህ ኢንተርኔት አለ? ሲዲ የምትለዋወጠው ጓደኛ አለህ?» ብዬ ነው። የኮንሶሉ የጌም ዝርዝር ጥንካሬ ለእያንዳንዱ ሰው የሚለካው በእነዚህ መልሶች ነው ብዬ አምናለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪማስተርን ሁሉ «ያረጀ ጌም» ብሎ መናቅ

ሪማስተር ማለት የድሮ ጌም ምስሉ ጠርቶ ለአዲስ ማሽን ሲወጣ ነው። እሱን መናቅ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ ስህተት ነው። «ሶኒ አዲስ ጌም የለውም፣ የድሮውን ቀለም ቀብቶ ነው የሚሸጠው» የሚለው ቅሬታ የመጣው እያንዳንዱን ኮንሶል በወጣበት ዓመት ከገዙ ሰዎች ነው። እነሱ ጌሙን ቀድመው ጨርሰውታል፤ ቢሰለቻቸው አይፈረድባቸውም። እዚህ ከተማ የማውቃቸው ልጆች ግን ብዙዎቹ ከሶኒው ፕሌይስቴሽን 2 (ፒኤስ 2) በቀጥታ ወደ ፒኤስ 4 የተሻገሩ ናቸው። የፒኤስ 3 ዘመን አልፏቸዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ አንቻርትድ፣ ላስት ኦፍ አስና ጎድ ኦፍ ዋር 3 ወጥተዋል።

ፒኤስ 4 የፒኤስ 3ን ሲዲ አያጫውትም። ፒኤስ 3 ውስጥ ያለው ሴል የተባለው ፕሮሰሰር ከኋለኞቹ በጣም የተለየ ስለሆነ፣ ለእሱ የተሠራ ጌም አዲሱ ማሽን ላይ እንዲሁ አይሠራም። ስለዚህ ያ ዘመን ላመለጠው ሰው ያለው በር ሪማስተር ነው። ላስት ኦፍ አስ በ2014፣ ጎድ ኦፍ ዋር 3 በ2015፣ የአንቻርትድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎችም በዚያው በ2015 በአንድ ላይ ለፒኤስ 4 ወጡ። እነዚህን ከዝርዝሩ ሰርዞ «ፒኤስ 4 ጌም የለውም» ማለት ራስን መበደል ነው።

ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስን እዩት። በ2005 ለፒኤስ 2 ወጣ፣ በ2011 ለፒኤስ 3 ጠርቶ ታደሰ፣ በ2018 ደግሞ ብሉፖይንት የተባለው ስቱዲዮ ምስሉን ከመሠረቱ ሠርቶ ለፒኤስ 4 አቀረበው። አንድ ወጣት፣ አንድ ፈረስ፣ ሰፊ ባዶ ምድርና 16 ግዙፍ ፍጥረታት፤ ሌላ ምንም የለውም። ሆኖም ከእሱ በኋላ ከወጡት መካከል እንደዚህ ልቤን የነካው ጥቂት ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከፍተው ሰው አዲስ ጌም ነው፤ የተወለደበት ዓመት ምንም አይቀንስበትም።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማሪዮ ካርት 8 በ2014 ዊ ዩ በተባለው የኔንቲዶ ኮንሶል ላይ ወጣ። ዊ ዩ ደግሞ በጠቅላላው የተሸጠው ወደ 13 ሚሊዮን ተኩል ብቻ ነው። ኔንቲዶ ያንኑ ጌም ጥቂት ጨምሮበት በ2017 ለሌላው ኮንሶሉ ለስዊች ሲያወጣው ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ከስዊች ጌሞች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ሆነ። የዚያ ኮንሶል ዝርዝር ዋና ምሰሶ ከሌላ ማሽን የመጣ ጌም ነበር ማለት ነው።

የተጫወቱትን ሁለት ጊዜ መቁጠር

የፊተኛው ግልባጭ ነው፤ አጭር ነው። ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለትን በ2020 ፒኤስ 4 ላይ የጨረሰ ሰው፣ በጥር 2024 የወጣውን የፒኤስ 5 ሪማስተር እንደ አዲስ ጌም ሊቆጥረው አይገባም። የተሻለ ምስል፣ ኖ ሪተርን የተባለ የውጊያ ሞድና ከመጀመሪያው ቅጂ የተቆረጡ ጥቂት ቦታዎች ተጨምረውበታል። ታሪኩ ግን ያው ነው፤ ያ የድሮ ሲዲም ፒኤስ 5 ላይ ይሠራል። ፒኤስ 5 ለመግዛት ምክንያት ብላችሁ ወረቀት ላይ ስትጽፉ የጨረሳችኋቸውን አውጡና ምን እንደቀረ እዩ።

ሪማስተርና ሪሜክን አንድ አድርጎ መግዛት

ሪማስተር ያንኑ ጌም በጠራ ምስልና በተሻለ ፍጥነት ማቅረብ ነው። ሪሜክ እንደገና መሥራት ነው፤ እንደገና መሥራት ራሱ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ላስት ኦፍ አስ በ2013 ለፒኤስ 3 ወጣ። ከዓመት በኋላ የመጣው የፒኤስ 4 ሪማስተር በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሄድ፣ ሌፍት ቢሃይንድ የተባለውን ተጨማሪ ምዕራፍና የኦንላይን ፍልሚያውን ጭምር የያዘ ነው። በመስከረም 2022 ደግሞ ለፒኤስ 5 ሪሜኩ በ70 ዶላር ወጣ። ፊቶቹ፣ ብርሃኑ፣ ግድግዳው ሁሉ በአዲስ ተሠርቷል። የታሪኩ አካሄድና የቦታዎቹ አቀማመጥ ግን እንደነበረ ነው፤ የኦንላይን ፍልሚያው ደግሞ ጭራሽ ወጥቷል። ታሪኩን ብቻ የምትፈልጉና በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ የ2014ቱ ያገለገለ ሲዲ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ። ልዩነቱ ያምራል፤ የዋጋውን ያህል ግን አይደለም።

ሬዚደንት ኢቭል 2 ከዚህ ፍጹም ይለያል። የ1998ቱ ካሜራው በየክፍሉ ጥግ የተተከለ ነበር። በ2019 የወጣው ሪሜክ ከትከሻ ጀርባ የሚታይ፣ አካሄዱ የተቀየረ ሌላ ጌም ነው። የድሮውን የተጫወተ ሰው እንኳ ያለ ጸጸት ሊገዛው ይችላል። ፋይናል ፋንታሲ 7 ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፦ የ1997ቱን አንድ ታሪክ ለሦስት ከፍለው ነው እየሠሩት ያሉት። የ2020ው ክፍል ሚድጋር ከተባለችው ከተማ አይወጣም፤ ሁለተኛው ክፍል በ2024 ነው የወጣው። ሙሉውን ታሪክ ያገኘ መስሎት አንዱን ሲዲ የሚገዛ ሰው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል።

«ኤክስክሉሲቭ» ሁሌም እዚያው ይቀራል ብሎ መወሰን

ከአሥር ዓመት በፊት ይህ ምክር አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2017 ፒኤስ 4 ላይ ወጥቶ በ2020 ኮምፒውተር ላይ መጥቷል። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር በጥር 2022 ተከተለ። የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍት የራሱን ስቱዲዮዎች ጌሞች ከኤክስቦክስ እኩል በዚያው ቀን ለኮምፒውተር ያወጣል። በ2024 መጀመሪያ አራት ጌሞቹን ወደ ተፎካካሪዎቹ ማሽኖች እንደሚወስድ አስታወቀ። በ2025 ፎርዛ ሆራይዘን 5 ፒኤስ 5 ላይ ገባ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ በ2006 ኤክስቦክስን ያስጠራው ጊርስ ኦፍ ዋር በሪማስተር መልክ ፒኤስ 5 ላይ ወጣ። የአንዱ ቤት ኩራት የነበረ ጌም ታድሶ የሌላው ቤት እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ለጊርስ ብሎ ኤክስቦክስ ሊገዛ ያሰበ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የራሱን ጌሞች አጥብቆ የያዘው ኔንቲዶ ነው። አዲሶቹን ዋና የማሪዮና የዜልዳ ጌሞች የፈለገ ሰው የኔንቲዶን ማሽን ከመግዛት ሌላ መንገድ የለውም።

ፖሊ ግቢ ለትምህርት ብላችሁ ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ኮንሶል ከማሰባችሁ በፊት ምኞታችሁ ውስጥ ካሉት ጌሞች የትኞቹ ላፕቶፑ ላይ እንደሚሠሩ እዩ። ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም ያማረ አይደለም፤ የላስት ኦፍ አስ ሪሜክ በመጋቢት 2023 ለኮምፒውተር ሲወጣ በጣም የሚንቀራፈፍና የሚቋረጥ ነበር፣ የተስተካከለው ቀስ በቀስ ነው።

ማሽኑ ሲዲ የሚያስገባ መሆኑን ሳያዩ መክፈል

እዚህ ከተማ ውስጥ ይህ ከኤክስክሉሲቭም ይበልጣል። የፒኤስ 5 ዲጂታል ኤዲሽን ሲዲ አያስገባም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እንዲሁ። በ2024 የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮ ከሁሉም ውድ ሆኖ ሳለ የሲዲ ማንበቢያው ለብቻ የሚገዛ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት ቀጫጭኖቹ ፒኤስ 5 ላይ ማንበቢያውን መግጠም ይቻላል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሲገጠም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግድ ነው።

ሻጩ «ያው ፒኤስ 5 ነው፣ እንዲያውም ቅናሽ አለው» ሲላችሁ «ወንድሜ፣ ሲዲ ያስገባል ወይ? እስቲ አስገብተህ አሳየኝ» በሉት። ባሕር ዳር ላይ ጌም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በሲዲ ነው። አንዱ ጨርሶ ለሌላው ይሰጣል፣ ይለዋወጣል፣ ይሸጣል። ሲዲ የሌለው ማሽን ከዚህ ሁሉ ያስወጣችኋል።

የሚቀረው የኦንላይን መደብሩ ነው። የሶኒ መደብር ኢትዮጵያን ከአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በሌላ አገር ስም በተከፈተ አካውንት ነው። የስጦታ ካርድ ስትገዙ ደግሞ ካርዱ የአካውንቱ አገር መሆን አለበት፤ የእንግሊዝ ካርድ የአሜሪካ አካውንት ላይ አይሞላም። ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ላክልኝ ስትሉ የአካውንታችሁን አገር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከሪማስተር ጋር የሚገናኘው ይህ ነው፦ የሆራይዘን ዜሮ ዶውንም ሆነ የላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት ሪማስተር፣ የፒኤስ 4 ቅጂው ላለው ሰው የሚገኘው በ10 ዶላር ነው። ሲዲው ያለው ሰው ግን ባለማንበቢያ ማሽን ያስፈልገዋል፤ በተጫወተ ቁጥርም ሲዲው ውስጥ መኖር አለበት። ዲጂታሉን ማሽን የገዛ ልጅ መደርደሪያው ላይ ያለው ሲዲ ምንም ሳይጠቅመው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል።

ሲዲ ይዣለሁ ማለት ጌሙን በሙሉ ይዣለሁ ማለት እንዳልሆነም አስቡ። ሄሎ የተባሉት የማይክሮሶፍት የተኩስ ጌሞች በአንድ ላይ ታድሰው በ2014 ለኤክስቦክስ ዋን ሲወጡ፣ ሲዲ የገዛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደ 20 ጊጋባይት እንዲያወርድ ተጠይቋል። በ2025 በወጣው ስዊች 2 ደግሞ አንዳንዱ ካርድ ጌሙን በውስጡ አልያዘም፤ ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ነው፣ ሽፋኑ ላይም ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የኖርንበት ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ጌም በሲዲ የነበረው ሰው መጫወቱን ቀጥሏል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሽፋኑን ገልብጡና «ማውረድ ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ እንዳለው እዩ።

በድሮ ፍቅር ተነድቶ በወጣበት ቀን መግዛት

የጂቲኤውን ሳን አንድሪያስን የማይወድ የእኔ ዘመን ልጅ አላውቅም። በኅዳር 2021 እሱና ሁለቱ ታላላቆቹ ታድሰው በአንድ ላይ ሲወጡ ደስታው ትልቅ ነበር። የወጣው ግን ፊታቸው የተበላሸ ገጸ ባሕርያት፣ ዓይን የሚጋርድ ዝናብና ፊደል የተሳሳተባቸው የሱቅ ምልክቶች የሞሉበት ነው። አሳታሚው ሮክስታር ይቅርታ ጠይቆ ከገበያ አንስቷቸው የነበሩትን የድሮ የኮምፒውተር ቅጂዎች መለሰ። እየታረመ ሄዶ በ2024 መጨረሻ በመጣ ትልቅ ማሻሻያ ብርሃኑና ሌላውም ተሻሽሏል። በ2020 የወጣው የዋርክራፍት 3 እድሳትም ገንዘብ እስከመመለስ ያደረሰ ቅሬታ አስነስቷል። የሄሎውም ስብስብ መጀመሪያ ላይ ኦንላይን ተጫዋች ማገናኘት አቅቶት ነበር፤ ከዓመታት ጥገና በኋላ ነው ዛሬ የሚመሰገነው።

ወራት ታገሱ። ስትጠብቁ ዋጋውም ይወርዳል፣ ጥገናውም ያልቃል። የማስታወቂያውን ቪዲዮ ትታችሁ በቅርብ ሳምንታት የተቀረጸ እውነተኛ ጨዋታ፣ በራሳችሁ ማሽን ሞዴል ላይ እዩ።

ለኤክስክሉሲቭ ብሎ ገዝቶ ኳስ ብቻ መጫወት

ከጓደኛ ጋር ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ኳስ መጫወት ለሚወድ ሰው የኤክስክሉሲቭ ክርክር ብዙ አይመለከተውም። የኳሱ ጌም በሁሉም ኮንሶል አለ። ለእሱ ዋናው ጓደኞቹ የያዙት ማሽን ነው፤ ሲዲውንም ጆይስቲኩንም የሚዋዋሰው ከእነሱ ጋር ነው።

ጌም ቤት ለመክፈት ያሰባችሁ ደግሞ ስለ ሪማስተር የሚባለውን ሁሉ በተለየ ዓይን እዩት። በሰዓት ለሚከፍል ደንበኛ ረጅም የታሪክ ጌም አይመችም፤ የጀመረውን ሌላው መጥቶ ይቀጥልበታል፣ ወይም ያጠፋበታል። የአንቻርትድ ስብስብ ሦስት ክፍል ስለያዘ ያዋጣል ብላችሁ እንዳትገዙት፤ የብዙ ተጫዋች ክፍሉ ወጥቶ ነው የታደሰው። ጊርስ ኦፍ ዋር ግን በአንድ ቴሌቪዥን ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ዘመቻውን ለሁለት ያጫውታል። ለእናንተ የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው። ሪማስተር ከመግዛታችሁ በፊት «በአንድ ስክሪን ስንት ሰው ያጫውታል?» የሚለውን አጣሩ፤ ከዋናው ቅጂ ተቆርጦ የቀረ ክፍል ካለም ጠይቁ።