ዲሴቢሊቲ እየተቀበሉ በክስ ያገኙትን ውዝፍ ደመወዝ ማሳወቅ

በአሜሪካ የዲሴቢሊቲ አበል የሚቀበል ሰው በቀድሞ አሠሪው ላይ የመሠረተው ክስ በዕርቅ ሲያልቅ፣ የሚከፈለውን ገንዘብ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በተለያየ አቆጣጠር ይመለከቱታል። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ገንዘቡ የተከፈለበትን ዓመት ያያል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ግን የኤስኤስዲአይ (ሠርተው ግብር ለከፈሉ የሚሰጠው የዲሴቢሊቲ አበል) ተቀባይ መሥራት መቻል አለመቻሉን ሲመረምር ሥራው መቼ እንደ ተሠራ ይጠይቃል።

በዋሽንግተን አካባቢ በሆቴል ጽዳት ትሠራ የነበረች፣ በፈረንጆቹ 2022 በወገብ ሕመም ሥራ ያቆመችና በወር 1,600 ዶላር ኤስኤስዲአይ የምትቀበል ያላገባች ሴት እናስብ። ያልተከፈላት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ዕርቅ በ2024 ተከፈላት፤ 9,000 ዶላሩ ውዝፍ ደመወዝ፣ የቀረው 9,000 ደግሞ ሕጉ በደመወዙ ልክ የሚያስጨምረው ካሳ ነው እንበል።

ውዝፍ ደመወዙ 6.2 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና 1.45 በመቶ የሜዲኬር ግብር ተቆርጦለት አሠሪው በሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ማስረጃ፣ በዳብሊው-2 ይመጣል፣ የዓመቱ ግብር በሚታወቅበት ፎርም 1040 ላይም እንደ ማንኛውም ደመወዝ ይሞላል። ካሳው ደመወዝ ያልሆነ ክፍያ በሚታወቅበት ፎርም 1099-ሚስክ ስለሚመጣ የ1040 ተጨማሪ ቅጽ በሆነው ስኬጁል 1 ላይ በሌላ ገቢነት ይመዘገባል። የጠበቃው ድርሻም በዚሁ ወረቀት ላይ ተደምሮ ሊመጣ ይችላል፤ በደመወዝና በአድልዎ ክሶች ግን እዚያው ስኬጁል 1 ላይ ተቀናሽ ይደረጋል።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው በአበሉ ላይ የሚመጣው ግብር ነው። የዓመቱ አበል 19,200 ዶላር፣ ግማሹ 9,600 ነው፤ ከ18,000 ጋር ሲደመር 27,600 ይሆናል። ላላገባ ሰው የተቀመጠው መነሻ 25,000 ስለሆነ፣ ከዚያ ካለፈው 2,600 ግማሹ፣ ማለትም 1,300 ዶላር የሚሆነው አበል ግብር ይታሰብበታል። ከዚያ በፊት አበሏ ግብር ያልነካው ሌላ ገቢ ስላልነበራት ነው።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ግን የዳብሊው-2ውን ጉዳይ ነው። የ2024 ደመወዝ ሆኖ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሚሄድ፣ በዚያ ዓመት እንደ ሠራች ሊያስቆጥራትና አበሏን ለምርመራ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ዕርቁ ከመፈረሙ በፊት፣ ደመወዙ የየትኛው ወርና ዓመት እንደሆነ ከነመጠኑ በውሉ እንዲጻፍ፣ አሠሪውም በአይአርኤስ መመሪያ (ፐብሊኬሽን 957) መሠረት ገንዘቡን በየዓመቱ የሚከፋፍል ልዩ ሪፖርት ለሶሻል ሴኩሪቲ እንዲልክ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጠውን አበል፣ ኤስኤስአይን፣ ለሚቀበሉ ነገሩ ይለያል። አበሉ ራሱ ግብር ባይኖርበትም፣ ገንዘቡ በተቀበሉበት ወር እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ሳይወጣ ወደ ቀጣዩ ወር ከተሻገረም ላላገባ ሰው የተፈቀደውን የ2,000 ዶላር የንብረት ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን ድረስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሲሄዱ ውሉን፣ ዳብሊው-2ውንና የመጨረሻውን የሥራ ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ቅጂ ይያዙ። አስተርጓሚ በነጻ ስለሚሰጥ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ማሳወቅዎን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ሳይቀበሉም አይውጡ።