ቁልፉ ማን ጋ ነው? በሊኑክስ ላይ የተመሰጠረ ክላውድ ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

ማስታወቂያው ላይ «ፋይሎቻችሁን መስጥረን እናስቀምጣለን» የማይል የክላውድ ድርጅት ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ሰው ይህን ያነብና ፓስፖርቱን፣ የቤት ካርታውን፣ የሐኪም ወረቀቱን ስካን አድርጎ ይጭናል። ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁልፉ፣ ማለትም ምስጠራውን የሚፈታው ምስጢር፣ ማን ጋ እንደሆነ ነው። ጉግል ድራይቭም ሆነ ድሮፕቦክስ ፋይላችሁን ሰርቨራቸው ላይ መስጥረው ነው የሚያስቀምጡት። የተለየ ነገር ካላደረጋችሁ ግን ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። በጁን 2011 እ.ኤ.አ. ድሮፕቦክስ ላይ በተፈጠረ የኮድ ስህተት፣ ለአራት ሰዓት ገደማ አካውንቶች በየትኛውም ፓስወርድ ይከፈቱ ነበር። ፋይሎቹ ያኔም የተመሰጠሩ ነበሩ። ምስጠራው ግን አላስጣለም፤ ሰርቨሩ ራሱ ለገባው ሁሉ ይፈታ ነበርና።

መፍትሔው ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጣ እናንተው መመስጠር ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ለማይወድ ሰው ክሪፕቶማተር የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ተርሚናል ለለመደ ደግሞ አርክሎን ክሪፕት አለ፤ አርክሎን ፋይል ወደ ክላውድ የሚያመላልስ ፕሮግራም ነው፣ ክሪፕት ደግሞ የመመስጠሪያ ክፍሉ። የቆዩ መመሪያዎች የሚያወድሱትን ኤንክኤፍኤስ የተባለ የመመስጠሪያ ፕሮግራም ተዉት። በ2014 የተደረገ የደህንነት ፍተሻ፣ አንድ ሰው የተመሰጠረውን ፋይል የተለያዩ ቅጂዎች በየጊዜው ማየት ከቻለ ምስጠራው እንደማያስተማምን አሳይቷል። ክላውድ ደግሞ የፋይልን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጥ ቦታ ነው።

«ዲስኬን በሉክስ መስጥሬዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ?» የሚልም አለ። ሉክስ፣ ማለትም የሊኑክስ የዲስክ መመስጠሪያ፣ የሚጠቅመው ላፕቶፑ ተዘግቶ እያለ ቢሰረቅ ነው። ፓስወርድ አስገብታችሁ ከገባችሁ በኋላ፣ ኮምፒውተራችሁን ከክላውዱ ጋር የሚያመሳስለው (ሲንክ የሚያደርገው) ፕሮግራም ፋይሉን ልክ እንደ እናንተ ተገልጦ ያገኘዋል። እንዳለም ይልከዋል።

ክሪፕቶማተር ላይ ፋይሉን የተሳሳተ ቦታ ማስቀመጥ በጣም ቀላል ነው። ቮልቱ፣ ማለትም የተመሰጠሩት ፋይሎች ማስቀመጫ፣ ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው ክላውድ ፎልደራችሁ ውስጥ ያለው ነው፤ ብትከፍቱት «ዲ» የምትል ፎልደርና ትርጉም አልባ የፊደል ክምር ነው የምታገኙት። ሁለተኛው ፓስወርድ ስታስገቡ እንደ ፍላሽ ብቅ የሚለው ድራይቭ ነው። ፋይል የሚጨመረው በሁለተኛው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ላይ ጎትታችሁ ከጣላችሁት ሳይመሰጠር ወደ ክላውዱ ይሄዳል። አርክሎን ላይም ያው ነው፤ ክሪፕት የተደረገውን ሪሞት (አርክሎን ለክላውድ ቦታ የሚሰጠውን ስም) ትታችሁ ከሥሩ ያለውን ከጠራችሁ ፋይሉ ራቁቱን ይወጣል። ስለዚህ በብራውዘር ወደ ክላውዱ ገብታችሁ እዩ። አርክሎን ላይ ስም እንዳይመሰጠር ራሳችሁ ካልመረጣችሁ በቀር፣ የፋይላችሁን ስም ማንበብ ከቻላችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ክላውዱን ቆልፎ ቤቱን ክፍት መተውም አለ። የአርክሎን ክሪፕትን እንደ ድራይቭ ማውንት አድርጋችሁ (አያይዛችሁ) በቪኤፍኤስ ካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ የፋይል ማቆያው፣ ስትሠሩ፣ የከፈታችኋቸው ፋይሎች ተፈትተው ሆም (የግል ፎልደራችሁ) ውስጥ በተደበቀው የካሽ ፎልደር ይቀመጣሉ። የፎቶዎቹ ትንንሽ ምስሎችም እዚያው አካባቢ ሊቀሩ ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ በአርክሎን ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ውስጥ ያለው ፓስወርድ የተድበሰበሰ እንጂ የተመሰጠረ አለመሆኑን ነው። አርክሎን ራሱ በአንድ ትእዛዝ መልሶ ያወጣዋል። ለኮንፊግ ፋይሉ ፓስወርድ ማበጀት ይቻላል፣ አድርጉት። ሉክስም በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሊኑክስን ጨምሮ ብዙ ቦታ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። አርክሎን ክሪፕት ስሙን ሲመሰጥረው ስለሚያስረዝመው፣ ለዋናው ስም የሚተርፈው 143 ባይት ገደማ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከ47 ፊደል ገደማ በላይ የሆነ የአማርኛ ስም እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ባለበት ቦታ አይጫንም። የፋይል ስም አሳጥሩ፣ ሎጉንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውንና ያልሆነለትን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ አንብቡ።

ሲንክን እንደ ባክአፕ መቁጠር ሌላው ነው። የአርክሎን ሲንክ ትእዛዝ መድረሻውን ከመነሻው ጋር አንድ ያደርጋል፤ መነሻው ላይ የሌለውን መድረሻው ላይ ያጠፋል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ ሳይሰካ በቦታው ባዶ ፎልደር ብቻ ቢኖር ምን ይሆናል? ክላውዱም ባዶ ይሆናል። ማጥፋት ካልፈለጋችሁ ኮፒ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ሲንክ የግድ ከሆነ መጀመሪያ በድራይ ረን አስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ይነግራችኋል።

የመጨረሻው ከሁሉም ያሳስበኛል። የሊኑክስ ተጠቃሚ የሊኑክስ ዓይነት መቀያየር ይወዳል፤ ዛሬ ኡቡንቱ፣ ነገ ፌዶራ። ዶክመንቶቹን ኮፒ ያደርግና ሆም ውስጥ የተደበቀውን የኮንፊግ ፎልደር ረስቶ ዲስኩን ፎርማት ያደርጋል። የአርክሎን ክሪፕት ፓስወርድ፣ ከእሱም ጋር ሁለተኛው ፓስወርድ ማለትም ሶልት ካለ እሱም፣ ሌላ ቦታ ካልተጻፈ ክላውዱ ላይ ያለው ሁሉ አይፈታም። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚል አማራጭ የለውም። ደውለን የምንለምነውም የለም፤ ቁልፉን ለራሳችን ስንይዝ የተስማማነው በዚህ ነው። ክሪፕቶማተር የመመለሻ ቁልፍ ይሰጣል፣ ረጅም የቃላት ዝርዝር ነው። አትሙትና ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡት። የአርክሎኑንም ሁለት ፓስወርዶች፣ ስም እንዲመሰጠር መምረጥ አለመምረጣችሁንም ጭምር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ፣ በላይቭ ዩኤስቢ (ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ) በተነሣ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋይል ከክላውዱ አውርዳችሁ ለመክፈት ሞክሩ። እስኪከፈት ድረስ ላፕቶፑን ፎርማት አታድርጉ።