ዢንዢኛ፦ የፖርቱጋል የጎምዛዛ ቼሪ ሊከር አዘገጃጀት

በሊዝበን መሐል፣ በሳን ዶሚንጉሽ አደባባይ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ ዢንዢኛ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ጠጪው በመለኪያ ይቀበልና ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠጣል። መጠጡ የሚዘጋጀው ዢንዣ ከተባለው ጎምዛዛ ቼሪ ነው። ጣፋጩ ቼሪ አይተካውም፤ ስኳሩ እንዳይሰለች የሚያደርገው ጎምዛዛነቱ ነውና።

ለአንድ ኪሎ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር አጉዋርደንትና አንድ ስንጥር ቀረፋ ይበቃል። አጉዋርደንት ፖርቱጋሎች ከወይን የሚያወጡት፣ እንደ እኛ አረቄ ጠንካራ መጠጥ ሲሆን፣ ካልተገኘ የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ የሆነ የፋብሪካ ቮድካ ይሆናል።

በመጀመሪያ የበሰለው ግን ያልላላው ፍሬ ተመርጦ፣ ታጥቦና ጭራው ተነቅሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይደርቃል፤ የቀረ ውኃ መጠጡን ያቀጥነዋል። በውስጡ ያለው ጠንካራ ዘር አይወጣም፤ ለውዝ ለውዝ የሚል ስስ መዓዛ የሚሰጠው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ዘሩን መስበር ወይም መፍጨት ፈጽሞ አይገባም፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለው አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር ዘሩ ሲደቅ ወደ ሳያናይድ መርዝ ሊለወጥ ይችላል።

ከዚያም አፈ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ፍሬውና ስኳሩ በየተራ ይነባበራሉ፣ ቀረፋው ይጨመራል፣ መጠጡም ፍሬውን ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍን ይፈስስበታል። ከላይ ተንሳፍፎ ሳይሸፈን የቀረ ፍሬ ሊሻግት ስለሚችል፣ ጎደል ካለ መጠጡን መጨመር ይገባል። ጠርሙሱ በጥብቅ ተከድኖ በጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳሩ እንደ እርጥብ አሸዋ ከሥር ይተኛል፤ ቀልጦ እስኪያልቅ በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠርሙሱን መነቅነቅ ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ መጠጡ ቀይ እየሆነ፣ ፍሬው ደግሞ ቀለሙን እየለቀቀ ይጨማደዳል። ሦስት ወር ሲሞላ መቅመስ ይቻላል፣ ነገር ግን አልኮሉ በጉሮሮ ላይ ገና ስለት አለው፤ አንድ ዓመት የቆየው ከእሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በመጨረሻ ቀረፋው ወጥቶ መጠጡ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለላል።

በሊዝበን ሻጩ ፍሬው ይጨመርበት እንደሆነ ይጠይቃል፤ «ኮም ኤላሽ» (ከእነሱ ጋር) ያለ ሰው አንድ ሁለት ፍሬ በመለኪያው ውስጥ ያገኛል፣ በልቶም ዘሩን ይተፋል። በኦቢዱሽ ከተማ ግን መጠጡን በቸኮሌት በተሠራች ትንሽ ኩባያ ስለሚቀዱት፣ ጠጪው ጨርሶ ኩባያዋንም ይበላታል።